ከአያቴ ከዘራ የወጡ እስክሪብቶዎች

ለሐበሻ በእጅህ የሠራኸውን እስክሪብቶ ስትሰጥ የሚሆነውን ልንገርህ። ሳጥኑን ይከፍታል፣ ያገላብጠዋል፣ "አንተ ነህ የሠራኸው? አትለኝም!" ይላል። ጠምዘዝ ያደርገውና ያገኘው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል። "ይሄማ ይቀመጣል እንጂ አይጻፍበትም" ይልሃል። እስክሪብቶው ቡፌ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ጠጥቶባቸው ከማያውቅ ብርጭቆዎች አጠገብ። በቃ፣ አለቀለት።

እኔ የምሠራው ሜሪላንድ ነው፣ ጋራዛችን ጥግ ላይ ባለች ትንሽ የእንጨት ቶርኖ፣ እንጨቱን እያሽከረከረች በመሮ በምታስቀርጽ ማሽን። አልሸጥም። ለዘመድ፣ ለተመራቂ፣ ለሙሽራ፣ ለንስሐ አባት እሰጣለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ጎረቤቴ ነው። እሱ ራሱ የሚሠራው ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ስለሆነ እስክሪብቶን እንደ ልጅ ጨዋታ ነው የሚያየው። አልፈርድበትም። ቶርኖ ለመልመድ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፤ ኪቱም (ከእንጨቱ ውጭ ያሉት የእስክሪብቶው ክፍሎች) ርካሽ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እኔን የሚያስቸግረኝ ከእንጨቱ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ይህን የሚይዘው ሰው ምንድን ነው የሚጽፍበት?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ግን ስለ ሰዎችህ ምን ያህል እንደማታውቅ የሚገባህ ያን ጊዜ ነው። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። ሌሊት ትሠራለች፣ አንድ እጇ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይዟል። ስለዚህ የሚጠመዘዝ አይሆናትም፣ በአውራ ጣት "ቀጭ" የሚል ነው የሚያስፈልጋት። የጓደኛዬ አባት ሱቅ አላቸው፤ የሚጽፉት የዱቤ መዝገብ ላይ ነው፣ ቆመው፣ በጥድፊያ። ለእሳቸው ቀጭን እስክሪብቶ ብሠራ ጣታቸው ውስጥ ይጠፋል። ለሙሽሮች የምሠራው ደግሞ ብዙ አይጻፍበትም፤ ለፊርማው ቀን ያማረ ከሆነ ይበቃል። እዚያ ላይ ብዙ አልጨነቅም።

አባቴ አስተማሪ ነበር። በእሱ ጊዜ የኮት ኪስ ላይ ፓርከር መሰካት ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበር። ሰው እስክሪብቶ ሲለምነው አይከለክልም። ግን ክዳኑን ነቅሎ እጁ ውስጥ ያስቀርና እስክሪብቶውን ብቻ ይሰጣል። ክዳን የሌለው ፓርከር ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው የለም፣ ሸሚዙን ያበላሽበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ይመለስለት ነበር። እኔ የምሠራቸው አብዛኞቹ ክዳን የላቸውም። ሰው ይዟቸው ይሄዳል። ቢጠፉ ግን ቡፌ ውስጥ ከሚቀመጡ ይሻለኛል፤ የጠፋ እስክሪብቶ ቢያንስ የሆነ ሰው እየጻፈበት ነው።

ቦልፖይንትም፣ ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ኳስ የሚጽፈው የተለመደው እስክሪብቶ፣ ሲጀመር እንደዛሬው የትም የሚጣል ነገር አልነበረም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ ፈጠራውን ያስመዘገበው በ1938 ነው። በጥቅምት 1945 ኒውዮርክ ውስጥ ጊምብልስ የሚባል ትልቅ መደብር ሬይኖልድስ የተባለውን ቦልፖይንት ለሽያጭ ሲያቀርብ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም ሕዝቡ ተጋፍቶ በመጀመሪያው ቀን በሺዎች የሚቆጠር ተሸጠ። ከዚያ በ1950 መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴል ቢክ ያቺን የምናውቃትን ባለ ስድስት ጎን፣ ቀለሟ ከውጭ የሚታይ እስክሪብቶ አመጣ። ታሪኩ ተቀየረ። እኛ ያደግነው በእሷ ነው። ጠዋት በብርድ አልጽፍ ስትል በሁለት መዳፋችን መሃል እያሸን፣ ጫፏን እያኘክን። እኔ ቢክን አልንቅም። እንዲያውም ጋራዝ ውስጥ እንጨት ላይ ምልክት የማደርገው በቢክ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጎንና ጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እንጨት ይበቃል። ለሁለት ትቆርጠዋለህ። ሞርሳ ላይ ታስረውና በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ብረት) መሃል ለመሃል ትበሳዋለህ። በቀዳዳው ቀጭን የነሐስ ቱቦ በኮላ ታስገባለህ፤ ኮላው እንዲይዝ ቱቦውን አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ማድረግ ነው። ሲደርቅ ጫፍና ጫፉን ነሐሱ ብልጭ እስኪል ታስተካክላለህ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ሰክተህ ቶርኖው ላይ ታስራለህ።

ቶርኖው በደቂቃ ከ2000 እስከ 3000 ጊዜ ይሽከረከራል። አራት ማዕዘኑ እንጨት መጀመሪያ ጭጋግ ነው የሚመስለው፣ ጠርዙ አይታይም። መሮውን ስታስጠጋው ይንኳኳል። ቀስ በቀስ መንኳኳቱ ይጠፋና ድምፁ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ክብ ሆኗል ማለት ነው፣ ሳታይ በጆሮህ ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ ማቅጠን ነው። በቀጭኑ ሞዴል ጫፉ አካባቢ ነሐሱ ላይ የሚቀረው እንጨት ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሰው "የእንጨት እስክሪብቶ" ይለዋል እንጂ የያዘው እንጨት የለበሰ ነሐስ ነው። (ምክር ከፈለግህ፦ መነጽር አድርግ፣ አፍንጫህን ሸፍን። ነጠላም ሆነ ሰፊ እጅጌ ለብሰህ ደግሞ ወደ ቶርኖ አትጠጋ። እናቴ ጋራዙን ልታይ ስትመጣ በሩ ላይ ነጠላዋን ነው የተቀበልኳት።)

ማለስለሱ ጊዜ ይበላል። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ እስከ ደቃቁ ድረስ፣ አንዱንም ሳትዘል። አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን ልባስ የሚሠራው በሱፐር ግሉ ነው፤ አዎ፣ ጫማ በምናጣብቅበት ሱፐር ግሉ። በስሱ እየደራረቡ ከቀቡት እንደ መስታወት ያበራል፣ ላብም አይበግረውም። ጭሱ ግን ዓይን ያስለቅሳል። ለአንዳንድ እንጨት ደግሞ ባላደርገው እመርጣለሁ። የእኛ አገር ጥድ ለምሳሌ ሽታ አለው። ቀላ ያለ፣ ሲቆርጡት የሚያውድ እንጨት ነው። ከኬንያ እየተቆረጠ ለእርሳስ ፋብሪካዎች ይላክ የነበረው ይሄው ጥድ ነው፤ መጻፊያነትን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። በሱፐር ግሉ ከሸፈንከው ሽታው ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰም ብቻ ነው የምቀባው። ቶሎ ይደበዝዛል፣ ግን ይሸታል።

እንጨቱን ከየት ታመጣዋለህ ይሉኛል። ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ አገር ቤት በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው። ቆርጣችሁ ላኩልኝ ብዬ አላውቅም፣ አልልምም። የሚመጣልኝ የተሰበረ ነገር ነው። የዋንዛ በርጩማ እግር፣ የድሮ ሳጥን ክዳን፣ የረከቦት ስባሪ። እስክሪብቶ ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ከጣት ትንሽ የሚበልጥ ቁራጭ ይበቃዋል። እሱ ላይ ደግሞ አሮጌ ዕቃ የደረቀ ነው። እርጥብ እንጨት ነሐሱ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል። ለዓመታት ጭስ ቤት የከረመ በርጩማ ግን ሊሰነጠቅ ከሆነ ድሮ ተሰንጥቋል።

የንስሐ አባታችን ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። አባ የሚጽፉት በመቃ ነው፤ የቁም ጽሕፈት ተምረዋል። መቃውን በቢላ አስልተው ይቀርጹታል፣ ጫፉን ይሰነጥቁታል። ቁሙ መስመር ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን መልኩን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ብዕር ይመስለኛል። በቦልፖይንት ስንጽፈው ሁሉም መስመር እኩል ይሆንና ፊደሉ ይከሳል። ስለዚህ ለእሳቸው ቦልፖይንት መስጠት አላማረኝም። በቀለም የሚሞላ ብዕር ሠራሁና የመጣበትን ሹል ጫፍ አውጥቼ 1.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ጫፍ ቀየርኩት። መቃን አያክልም። ግን ወፍራምና ቀጭኑን ይለያል።

ወስጄ ስሰጣቸው ሞከሩት፣ ጥቂት መስመር ጻፉ። ደስ አላቸው። ቀጥለው "ልጄ፣ ቀዩስ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በብራና መጻሕፍት የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በቀይ ነው። አንድ ብዕር ይዞ መሄድ ግማሽ ስጦታ ነው። ሁለተኛውን ከቀይ እንጨት ሠራሁላቸው፣ ጨለማም ቢሆን እንዳይሳሳቱ ጫፉ ላይ አንድ ቀለበት ቀርጬ። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ነው የሚይዟቸው። አባ ቡፌ የላቸውም፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ አይገኝም።

ወደ ከዘራው ልምጣ። የወንድ አያቴ ከዘራ የወይራ ነበር። ከሞተ በኋላ ለብዙ ዓመት አጎቴ ቤት በር ጀርባ ቆሞ ኖረ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ወድቆ መኪና ወጣበትና ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቤተሰቡ ጉድ ጉድ አለ። አንዱ በብረት ይታሰር አለ፣ አንዱ ይቀበር አለ፣ አንዷ ቡና ይፈላበት አለች (ይህችን ማንነቷን አልናገርም)። አጎቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ስባሪውን በሻንጣው ይዞት መጣ። ኤርፖርት ላይ እንጨት መያዙን ተናግሮ፣ አሳይቶ ነው የገባው።

ወይራ ከባድ እንጨት ነው፣ መሮ ያደነዝዛል። ቅባትም ስላለው ኮላ በቀላሉ አይዘውም፤ በአሴቶን መወልወል ያስፈልጋል። ሙቀት ደግሞ አይወድም፣ ሲበሱት ቸኩለው ከገፉት ይሰነጠቃል። ትንሽ በስቶ ፑንታውን ማውጣት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ትንሽ መብሳት ነው። ፑንታው ሲግል የሚወጣው ሽታ ጋራዙን ጋን የታጠነበት ቤት አስመሰለው። አጎቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሊረዳኝ ሳይሆን ሊያሸት።

ከዘራ ለእስክሪብቶ ይመቻል፣ ይህን ያወቅሁት ስሠራው ነው። ከዘራ ከአንድ ቅርንጫፍ ስለሚሠራ የእንጨቱ ልብ መሃል ላይ ነው። ልቡ ደግሞ ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ነው። ለእስክሪብቶ ስትበሳው ግን መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። የሚቀረው ጠንካራው ዙሪያ ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ሒሳቡ ነበር። ቀጥ ያለው ክፍል 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ እስክሪብቶ ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ መጋዝ የሚበላውም አለ። ስድስት ቢወጣ ነው። የልጅ ልጆቹ ግን ከስድስት በላይ ነን። ለማን ተሰጥቶ ለማን ይቀራል? አጎቴ "በዕድሜ" አለ። እህቴ በስልክ "በዕጣ" አለች። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። ቀጭኑ እስክሪብቶ ሁለት ቁራጭ ነው፣ የላይና የታች፣ እያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ከምናምን። አንዱን ብቻ ከከዘራው፣ ሌላውን ከዋንዛ ብሠራው 12 ይወጣል።

አሁን ደግሞ አዲስ ክርክር ተነሳ። የአያቴ እንጨት ላይ ይሁን ወይስ ታች? አጎቴ "ላይ ይሁን፤ ኪስ ላይ ሲሰካ ይታያል፣ ሰው ይጠይቃል፣ የአባቴ ከዘራ ነው እላለሁ" አለ። እኔ ታች ይሁን ባይ ነኝ። ስትጽፍ ጣትህ የሚነካው ታችኛውን ነው። አያቴም ከዘራውን ለሰው አላሳየውም፣ ያዘው እንጂ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የአጎቴን ብቻ ላይኛውን ከወይራ ሠራሁለት፣ የቀሩትን ታችኛውን። የታጠፈው እጀታ ለእስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀጥታ መብሳት አይቻልም። እሱን አጎቴ መልሶ ይዞት ሄደ።

ለእነዚህ እስክሪብቶዎች የቡፌውን ነገር አስቀድሜ አሰብኩበት። ብልሃቴ ቀላል ነው። በሳጥን አልሰጥም። ከመስጠቴ በፊት ራሴ እጽፍበታለሁ፤ የገበያ ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥር፣ ያገኘሁትን። ከዚያ እየጻፍኩበት ሳለ "እንካ፣ ያንተ ነው" ብዬ እሰጣለሁ። ሰው አዲስ ነገር ነው ቡፌ ውስጥ የሚያስቀምጠው። የተጀመረ ነገር አያስቀምጥም። ከከዘራው የወጡት ሁሉም፣ እኔ እስከማውቀው፣ እየተጻፈባቸው ነው። አንዱ ታክሲ ውስጥ ጠፍቷል። ቤተሰቡ አዘነ፣ እኔ ብዙም አላዘንኩም።

ሌላው ሰው የማያስብበት ነገር ውስጡ ያለው ቀለም ነው። ቀጭኑ ሞዴል የሚወስደው ክሮስ የሚባለውን እስክሪብቶ ዓይነት ቀጭን ቀለም ነው፤ አገር ቤት እንደ ልብ አይገኝም። ወፍራሞቹ የፓርከርን ዓይነት ይወስዳሉ፣ እሱ ይሻላል። ስጦታ ሰጥተህ ቀለሙ ሲያልቅ መተኪያ ከሌለው የሰጠኸው ያማረ ዱላ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋር መለዋወጫ ቀለም እልካለሁ፣ መንገደኛ በተገኘ ቁጥርም እጨምራለሁ።

ከሁሉም በላይ ቀለም የሚፈጅብኝ አክስቴ ናት። አክስቴ በልጅነቷ ትምህርት ቤት አልገባችም። ፊደል የለየችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በዓመቱም ከዩኔስኮ ሽልማት አምጥቷል። ብዙ የሚተችበት ነገር አለው፣ የዚያ ዘመን ሰው በውድ በግድ እንደሄደ ይናገራል። አክስቴ ግን ስለ ሽልማቱም ስለ ትችቱም ግድ የላትም። ከዚያ ወጥታ የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ ሆነች፤ እስከ ዛሬም ናት። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ሁሉም በእሷ ደብተር ነው። ስትጽፍ ትጫናለች፣ ሦስት ገጽ ታች ድረስ ይታተማል። ጣቶቿ ላይም አሁን አሁን ቁርጥማት አለባት። ለእሷ ከከዘራው ቀጭን መስጠት ቅጣት ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚሠራውን ወፍራሙን መረጥኩ፣ ወገቡ አካባቢ ትንሽ ሆድ ተውኩለት።

በስልክ ስጠይቃት "ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ይወስድብኛል" አለችኝ። ዕቁብተኛው ሁሉ ሊፈርም ይቀበላትና ወሬ ይዞ ይረሳዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። አንዴ የወሰደው ሰው ቤት ድረስ ሄዳ ነው ያመጣችው። እኔ የአባቴን የክዳን ዘዴ ነገርኳት። "ክዳን የት አለውና!" ብላ ሳቀችብኝ። ትንሽ ቆይታ ፎቶ ላከች። እስክሪብቶውን ባንክ ቤት እንደሚደረገው በሲባጎ ደብተሩ ላይ አስራዋለች። ሲባጎው መሃሉን በልቶ ልባሱን ፍቆታል።

"ይሄ ነገር ቀለበት የለውም እንዴ?" አለችኝ በሚቀጥለው ጊዜ። አሁን የምሠራላት አናቱ ላይ ቀለበት ያለው ነው። በዚህ ወር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ከእስክሪብቶው ጋር ስድስት ቀለም እልካለሁ፣ አራቱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ቀይ። ቀዩ ላልከፈሉት ነው አለች።